አሥረኛው ሕፃን

ታካሚዎች «ዶክተር» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ግን ሰው ሲያከብርህ ምን ብለህ ትከለክለዋለህ? ዝናቡ ሲያቆም ወባ ይነሳል፤ እናቶችም ልጆቻቸውን አቅፈው ይሰለፋሉ። ለዚህ ጊዜ አምና የፈጠርኩት ብልሃት ነበረኝ። የአሥር ሕፃናትን ጣት በተከታታይ እወጋለሁ፤ የእያንዳንዱን ደም በየራሱ መመርመሪያ ላይ ጠብ አድርጌ ትሪ ላይ እደረድራለሁ። የመጨረሻውን ስጨርስ መዝገቡን እሞላና አሥሩንም ባንዴ አነባለሁ። አንድ መስመር ከሆነ ነጻ፣ ሁለት ከሆነ ወባ። ሰልፉ ቶሎ ስለሚያልቅ ኃላፊያችን ያመሰግነኛል። ከመመርመሪያው ጋር የሚመጣው ወረቀት ግን «ከአሥራ አምስት ደቂቃ በፊት አታንብብ፣ ከሠላሳ ደቂቃ በኋላም አታንብብ» ይላል። ለወረቀቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ነበር።

ያን ቀን አሥረኛዋ ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ ሱቋ ከእኛ አጥር ጀርባ ነው። ልጇ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ካተኮሰው ሁለት ቀን ሆኖታል። «አጅሬ» ነው የምትለው። አጅሬ ጣቱን ስወጋው አልጮኸም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ለመጮህም አቅም አጥቶ እንደነበር ማስተዋል ይገባኝ ነበር። እኔ «ጎበዝ ልጅ!» አልኩና ወደ ትሪዬ ዞርኩ።

«ነጻ ነው። ጉንፋን ይሆናል» አልኳት ሁሉንም አንብቤ ስጨርስ።

«ዶክተር፣ መጀመሪያ የገባችው ብዙ ጠብቃለች። የኔ አልፈጠነም?»

«እህቴ፣ አንቺ ቀሚስ ስትሰፊ መጥቼ መርፌውን በዚህ በኩል አስገቢው ብልሽ ምን ትይኛለሽ?»

እናቶቹ ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች፤ ከነርሷ የትኩሳት ማስታገሻ ተቀብላ፣ ልጇን አዝላ ሄደች።

ከምሳ በኋላ ትሪውን ሳጸዳ ዓይኔ አሥረኛው መመርመሪያ ላይ አረፈ። ሁለተኛ መስመር ወጥቶበታል። የደበዘዘ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ ግን መስመር። ቸኩዬ ሳላየው የቀረሁት ነው? ወይስ መመርመሪያው ሲደርቅ የወጣ የውሸት መስመር? አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ደግሞ የሚለቀም አልነበረም። ወባ ከሆነ ለዚያ ሕፃን ነገ ሩቅ ነው።

ለነርሷ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ነገርኳት። ምናልባት ካስፈለገ ብላ መድኃኒቱን ሰጠችኝ። አዲስ መመርመሪያ ያዝኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

አጅሬ ከስፌት ማሽኑ ሥር፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተኝቷል። እናቱ ስታየኝ እግሯን ከማሽኑ መርገጫ ላይ አነሳች።

«ቸኩዬ ነበር» አልኳት። «ልክ ነበርሽ። እንደገና ልየው።»

የልጁን እጅ ዘረጋችልኝ። ደሙን ጠብ አድርጌ መመርመሪያውን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ ሰዓቴን ከጎኑ አስቀመጥኩ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። አምስት ደቂቃ ሲሆን አንድ መስመር ብቻ ነበር።

«ነጻ ነው ያሉኝ እዚህ ላይ ነው?» አለች።

«አዎ፣ እዚህ ላይ ነው።»

አፈርኩ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ የሆነ ጥላ የመሰለ ነገር ታየ። አሥራ አምስት ሲሞላ ሁለተኛው መስመር ቀጭን ቢሆንም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ወባ ነው። ክኒኑን በማንኪያ ውኃ አሟሟሁት፤ አጅሬ ፊቱን አጨማዶ ዋጠው። እንዳያስመልሰው ተቀምጠን ጠበቅን። አላስመለሰውም።

«በጊዜ ደርሰንለታል። ማታ የሚሰጠውን ይኸው፤ ነገ ጠዋት አምጪው» አልኳት።

ከዚያ ወይ ስድብ ወይ ምርቃት ጠበቅሁ፤ አንዱንም አልሰጠችኝም። ልጇን ጨርቅ አልብሳ ቀና አለች።

«ከኔ አስቀድማ የገባችው፣ ሴት ልጅ ያቀፈችውስ? እሷንም ነጻ ናት ብለዋታል።»

ዘጠነኛዋ ነበረች። ትናንትም ዘጠነኛና አሥረኛ ነበሩ፤ ባለፈው ሳምንትም ነበሩ።

«ቤቷን ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

ታውቀው ነበር፤ በጣቷ አሳየችኝ። የአምናዎቹን ቤት ግን የሚያሳየኝ ሰው የለም።