አክስትን በየት በኩል

የቧንቧ ሠራተኛው ሽንቱ እንደ እሳት ሲያቃጥለው ያደረገው ብዙ ወንድ የሚያደርገውን ነው፤ ከጓደኛው የተረፈ እንክብል ለምኖ ዋጠ። ትንሽ ተሻለውና መልሶ ባሰበት። ሰው ቤት ሲጠራ ቧንቧውን ፈትቶ ሳያይ ምንም የማይነካ ጠንቃቃ፣ ለገዛ አካሉ ሲሆን በግምት ሠራ። ሠርጉ ደግሞ ደርሷል። «እጮኛዬ ካወቀች ትተወኛለች» እያለ እንቅልፍ አጣ።

በመጨረሻ ቆርጦ ክሊኒክ ሄደ። ከሥራ ስለመጣ የመሣሪያ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ነው። በካርድ ክፍሉ መስኮት የተቀመጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የእጮኛው አክስት!

«ውይ የኔ ጌታ! መበላሸቱን ማን ነገረህ?»

«የምኑ?»

«የላቦራቶሪው ቧንቧ ነዋ! እየፈሰሰ አጥለቀለቀን እኮ።»

ምን ይበል? «ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ከማጠቢያው ሥር ተንጋሎ ገባ። አክስት ሆዬ ብቅ እያሉ ውኃ ያጠጡታል፤ ለላቦራቶሪ ባለሙያዋም «የኛ ሙሽራ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው» ይላሉ። እሱ ሽንቱ ወጥሮት መከራውን ያያል። ዞር ሲሉለት ከሥር ሆኖ ሹክ አለ።

«እህቴ፣ እኔ እንኳ ለምርመራ ነበር የመጣሁት። ያቃጥለኛል።»

«ታዲያ ካርድህስ?»

«በካርድ ክፍል ሳላልፍ አይሆንም?»

«አይሆንም። ሽንትህን ደግሞ ያዘው፣ ለምርመራው እንፈልገዋለን!»

እየዳኸ ወጥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ።

«እትዬ፣ ካርድ ያውጡልኝ። የአባላዘር ምርመራ ነው። ለራሴ።»

አክስት መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ካርዱን ጻፉ።

«ሁሉም ‹ጓደኛዬን አሞት ነው› እያለ ነው የሚመጣው» አሉ። «አንተ እንኳ ‹ለራሴ› ብለሃል። እኔ አፌ ዝግ ነው፤ የምትነግራት አንተ ነህ።»

ሲመረመር በሽታው የሚድን ሆነ። ነርሷ ግን «እጮኛህም ካልታከመች ተመልሶ ይመጣብሃል» ስላለችው ደጅ ወጥቶ ደወለላት። ከእሷ በፊት የነበረውን ሕይወቱንም፣ እንክብሉንም፣ ፍርሃቱንም ሳይደብቅ ነገራት። በቃ፣ አለቀልኝ ብሎ አይኑን ጨፈነ።

«እኔንም ያቃጥለኛል» አለች እጮኛው። «የምትተወኝ መስሎኝ ነው የደበቅኩህ። ክሊኒኩ በር ድረስ ስንቴ መጥቼ ተመለስኩ መሰለህ! አክስቴን በየት በኩል ልለፋት?»

«ነይ» አላት። «አብረን እናልፋቸዋለን።»