ንፋስ መጥታ ነበር

አዲሷ ጤና ሠራተኛ መንደሩ ስትደርስ ከእሷ በፊት የነበረችው ከሞተች ወራት አልፈው ነበር። ሟቿን የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚጠራት ንፋስ እያለ ነው። ስሙን ያወጣላት አረማመዷ ነው፤ ከአንዱ ቤት ስትወጣ አይተዋት ዞር ሳይሉ ከሌላው ደጅ ሕፃን ስትመዝን ትገኝ ነበር። ክረምቱ ጠንክሮ ሳለ ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት ምጥ ጠናባትና ባሏ ሊጠራት ተሻግሮ መጣ። ንፋስ ቦርሳዋን አንግታ ቀድማው ወጣች። ወንዙ ጋ ሲመለሱ ግን ውሃው ሞልቶ ጠበቃቸው። እሱን ትቶ እሷን ወሰደ። አስከሬኗም አልተገኘም።

ጤና ኬላው ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። አዲሷ ስትገባ መጋረጃው ታጥቦ ተሰቅሏል፣ የክትባቱ ማቀዝቀዣ ጥጉን ይዞ ያንጎራጉራል፣ የሕፃናቱ ሚዛን ላይ ድመት ተኝታለች።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለች ዘበኛውን።

«የሚመዘን ሰው ሲጠፋ እሷ ትመዘናለች» አሉ ዘበኛው። «ኪሎዋ አልጨምር አለ እንጂ ክትትሏን አላቋረጠችም።»

አዲሷ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ጊዜ አልሳቀችም።

በማግስቱ ወንዙን ተሻግራ የቤት ለቤት ጉብኝቷን ጀመረች። በጋ ስለነበር ውሃው ከጉልበት በታች ነው። የመጀመሪያው ቤት እመቤት በሩን ገርበብ አድርጋ ሰላም አለቻት እንጂ ግቢ አላለቻትም።

«ተባረኪ እህቴ፣ እኛ ታይተናል።»

«ማን አያችሁ?»

«ንፋስ መጥታ ነበር።»

ሴትየዋ ይህን ያለችው ጎረቤት መጥታ ነበር እንደማለት፣ ሳትስቅ ሳታፍር ነው። አዲሷ የሰማችውን ተጠራጥራ ወደ ሁለተኛው ቤት ሄደች። እዚያም ያው ነው። የውሃው ጀሪካን ታጥቦ ተደፍቷል፣ የልጆቹ ጥፍር ተቆርጧል፣ የመጸዳጃ ቤቱ ደጅ የእጅ መታጠቢያ ተሰቅሏል። «ንፋስ ስትመጣ እንዳትቆጣን ብለን ነው» አሏት። እንደዚህ ሲሏት ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አንስተው ወደ መንገዱ ያያሉ። አዲሷም ሳታስበው ዞር ብላ አየች። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

ማታ ቤቷ ስትገባ ነገሩ ሲከነክናት አመሸ። ጠዋት ዘበኛውን ያዘቻቸው።

«አባባ፣ እዚያ ማዶ ያሉ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው? የሞተች ሰው መጣች ይሉኛል።»

ዘበኛው የበሩን ደጅ መጥረጋቸውን አላቆሙም። «ልጄ፣ አትመርምሪው። ቤቱ ከተጠረገ፣ ልጁ ከታጠበ ማን አለ ማን ምን አገባን?»

«እኔ ያገባኛል።»

«ይግባሽ እንጂ። ቀስ ብሎ ይግባሽ።»

አዲሷ መመላለሷን አላቆመችም። በየቤቱ «ታይተናል» ይሏታል፤ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ደጁ ላይ ትቀመጣለች፣ የልጆቹን ክንድ ትለካለች፣ የመጣችበትን ታደርሳለች። ትንሽ ሲቆይ ብቻዋን የምትሄድ አልመስል አላት። አንድ ቤት ስትደርስ አንድ ሰው ከእሷ ቀድሞ ገና አሁን የወጣ ይመስላታል። የምትቀመጥበት በርጩማ ሞቆ ይጠብቃታል። አንዳንዴ ከኋላዋ ኮቴ የሰማች መስሏት ትቆማለች። ኮቴውም አብሯት ይቆማል።

አንድ ቀን ማዶ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለ ቤት ደጅ ተቀምጣ የአንዲት ሴት ልጅን ሙቀት ስትለካ፣ ትንሿ ልጅ ሙቀት መለኪያውን በብብቷ እንደያዘች «ዛሬ ደክሟቸው ነበር» አለች።

«ማን?»

«ንፋስ። ውሃ ስጡኝ አሉ።»

እናትየው ከጓዳ ሮጣ ወጥታ የልጅቱን አፍ በመዳፏ ያዘች። አዲሷ ግን ክው ብላ ቀርታለች። ንፋስ ገና ወጣት ነበረች። ትንሽ ልጅ እንኳ አንቺ ነበር የሚላት። ይቺ ልጅ አንቱ ያለችው ማንን ነው?

«ወዴት ሄዱ?» አለች።

እናትየው እጇን ከልጅቱ አፍ ላይ አነሳች። ከዚያ በአገጯ አጠገባቸው ወዳለው የአናጢ ቤት ጠቆመቻት።

አዲሷ «ቤቶች» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ገባች። ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየችው ነጭ ጋዋን ነው። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ የጤና ኬላው ዓይነት ቦርሳ ከጎኑ አስቀምጦ የተቀመጠ ጋዋን። አዲሷ በሩን ይዛ ቆመች። ጋዋኑ ዞር ሲል ሽበታቸው ከሻሻቸው ስር የወጣ አሮጊት ሆኑ። እጅጌው ረዝሞባቸው ጣታቸው ድረስ ወርዷል። የንፋስ እናት ነበሩ።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ» አሉ። «ታማሚ ካለሽ ተራ ያዢ።»

አልጋው ጫፍ ላይ የአናጢው ሚስት ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። አዲሷን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ምንም እንዳትናገር በዓይኗ ለመነቻት። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባት። ያን ቀን ምጥ የያዛት ይቺ ናት፣ ንፋስን ሊጠራ የተሻገረው አናጢው ነው፣ ይህም ሕፃን የዚያን ቀን የተወለደው ነው። ሰዉ አልተታለለም። ልጇን በእነሱ ምክንያት ያጣች እናት በልጇ ልብስ ደጅ ስትመጣ፣ አይደለሽም ብሎ በር የሚዘጋባት አንጀት ከየት ይመጣል?

አዲሷም ዝም ባለች ነበር። ግን የሕፃኑን ትንፋሽ ሰማች። ትንፋሹ አጭር አጭር ነው፣ ከመጨረሻው ላይ እንደ ማቃሰት ይላል። ተጠግታ ልብሱን ገለጥ አደረገች። በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ በታች ያለው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

የአናጢው ሚስት አሮጊቷን አየች። «ብርድ ነው ብለውኛል። ሸፍኚው አሉኝ።»

«ብርድ አይደለም እህቴ። ሳንባው ነው። ለአሁኑ የምሰጠው መድኃኒት አለኝ፣ ግን አሁኑኑ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። እዚያ አየር ይሰጡታል።»

«የትም አይሄድም» አሉ የንፋስ እናት። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ይሄ ልጅ የልጄ ነው። በእሱ ምክንያት ነው የወጣችው። እስክትመጣ እኔ ነኝ የምጠብቀው።»

የአናጢው ሚስት ማልቀስ ጀመረች። ልጇን ይዛ አትነሳም፣ አትቀመጥም። ልጁ በእጇ ላይ እየደከመ ለአሮጊቷ ሐዘን ያለባት ዕዳ እንደ ሰንሰለት አስሯታል።

አዲሷ ተንበረከከች። «እማማ» አለች፣ «እሷ አትመጣም።»

በዚያ መንደር ይህን ቃል አፍ አውጥቶ ለእሳቸው የተናገረ ሰው አልነበረም። ከውጭ የአናጢው መጋዝ ድምፅ ቀጥ አለ። አሮጊቷ አልጮኹም፤ እንዳልሰማ ሰው ጋዋናቸውን አስተካከሉ። አዲሷ እጃቸውን ይዛ፣ እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስባ፣ መዳፋቸውን የሕፃኑ ደረት ላይ አሳረፈችው። ብዙ ቆዩ። ደረቱ ከመዳፋቸው ስር ይሰረጉዳል፣ ይነሳል፣ ይሰረጉዳል።

«ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ እማማ።»

«አየር አጥቷል።»

«አዎ።»

አሮጊቷ ተነሱ። «ምን ትጠብቃላችሁ ታዲያ? ውሰዱት እንጂ።»

አዲሷ መድኃኒቱን በጥብጣ ለሕፃኑ በጠብታ አጠጣችውና ወጡ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ የአናጢው ሚስት እግር አልሄድ አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ተሻግራ አታውቅም። የንፋስ እናት ከሁሉም ቀድመው ገቡ። መሐል ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ተደላድለው ቆሙና ክንዳቸውን ዘረጉ። የጋዋኑ ጫፍ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። «ያዢኝ» አሏት። ያዘቻቸው፤ ተሻገረች፤ አናጢው ከኋላዋ ተከተለ። አዲሷ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከወንዙ ወጥታ ዞር ስትል አሮጊቷ አሁንም መሐል ቆመዋል። ወደ ታች፣ ውሃው ወደሚሄድበት ያያሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚሉ አይሰማም። አናጢው ተመልሶ ገብቶ በብዙ ልመና አወጣቸው።

ሕፃኑ ጤና ጣቢያ ተኝቶ ታክሞ ዳነ። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ አልጨረሰውም።

ከዚያ በኋላ በሮች ሁሉ ለአዲሷ ተከፈቱ። ግን ደስ አላላትም። ሴቶቹ ሲያስገቧት ከኋላዋ ያለውን መንገድ አይተው «ብቻሽን ነሽ?» ይሏታል። የንፋስ እናት ከቤት መውጣት ትተዋል።

አንድ ከሰዓት ከወንዙ ወዲህ፣ ጤና ኬላው ባለበት በኩል ወዳለው ቤታቸው ሄደች። ከዚያ በፊት ያን ቤት የጎበኘ ጤና ሠራተኛ አልነበረም፤ ንፋስ ሁሌ የራሷን ቤት ነገ ትል ነበርና። አዲሷ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች።

«ሰዎቹ ተቀይመውኛል?» አሉ አሮጊቷ።

«አልተቀየሙም እማማ።»

«ያውቁ ነበር አይደል?»

«ያውቁ ነበር።»

«እኔም እንደሚያውቁ አውቅ ነበር።» ክንዳቸው ላይ የሚነፋውን ነገር አዩት። «ግን በሩን ሲከፍቱት፣ ፊታቸው ላይ ለአፍታ እሷን ያዩ ይመስለኝ ነበር። እሷን ለማየት ነበር የምሄደው።»

አዲሷ መለኪያውን ከክንዳቸው ፈታች። ግፊታቸው ከፍ ብሏል፤ ጨው እንዲቀንሱ ነገረቻቸው፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንደምትወስዳቸውም ነገረቻቸው። ከዚያ የልጃቸው ክፍል በር ዝግ መሆኑን አየችና ሰሞኑን ሲያሳስባት የነበረውን ነገር አነሳች።

«እማማ፣ ክረምቱ እየመጣ ነው። ማዶ ያሉት ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ ወንዙ ሳይሞላ ተሻግረው የሚያርፉበት ቤት እፈልጋለሁ።»

አሮጊቷ እጅጌያቸውን ወደ ታች መለሱ። ከዚያ ተነስተው የልጃቸውን ክፍል በር ከፈቱት። አልጋው እንዳልተነካ ነበር።

ያን ክረምት ክፍሉ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንዷ ወልዳ ስትሄድ ሌላዋ ትተካለች፤ ምጥ ይዟት የሞላ ወንዝ የተሻገረች ሴትም አልነበረችም። የንፋስ እናት አልጋውን ያነጥፋሉ፣ ውሃ ያሞቃሉ፣ ሴቶቹን ሳቅ ሳቅ የሚያሰኝ ወሬም ያመጣሉ። ዝናቡ ሲበረታ ግን ወሬያቸውን ያቋርጡና ደጅ ወጥተው ይቆማሉ። ወንዙ ከሩቅ ይሰማል።

«ይግቡ እማማ፣ ይመታዎታል» ይሏቸዋል ሴቶቹ።

«መጣሁ» ይላሉ። ይላሉ እንጂ ዝናቡ ሳያባራ ገብተው አያውቁም።