አንዲት ጠብታ ዘይት

ዘይቷ ከደብረ ታቦር የመጣችው ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው። አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ናት። በስማዳ መንገድ ዳር ባለችው ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነውን ዋለን ግን ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነስታዋለች። የማይክሮስኮፑ ትልቁ ሌንስ ያለ ዘይት አይሠራም፤ በስላይዱና በሌንሱ መካከል ጠብታ ካልገባ ብርሃኑ ይበተናል፣ ተጠጋግተው የተኙ ነገሮችም አንድ ጉም ይሆናሉ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዘይቱ አለቀ። ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ የለም። በሽተኛ ደግሞ ደብዳቤ አይጠብቅም፤ ዋለ በመካከለኛው ሌንስ እያየ ውጤት ይጽፍ ጀመር።

ካሰች የምትባል የመንደሩ ልጅ እየሳለች የመጣችው ያን ጊዜ ነው። አክታዋን ስላይድ ላይ ቀብቶ አየ፤ ጉም ነው። «የሳንባ ነቀርሳ የለም» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። በሦስተኛው ወር ሞተች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወረቀቱን ለሰው ሁሉ አነበበው። ማኅተም ያለበት ወረቀት በዚያ ዘመን አይዋሽም ነበርና፣ ካሰችን ቡዳ በልቷታል ተባለ። ጎረቤቷን ሸክላ ሠሪዋን አሰለፈችን፣ ቡዳዋ እሷ ናት ብለው፣ ቤቷን አፍርሰው በክረምት ከነልጇ አባረሯት። የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ዋለ ዓይኑን ሌንሱ ላይ ባሳረፈ ቁጥር ከጀርባው ሰው ሲስል ይሰማዋል፤ ሲዞር ባዶ ወንበር ነው።

ዘይቷ በመጣች ዕለት የካሰችን ስላይድ ከሣጥኑ አወጣ። አንዲት ጠብታ ጣለበት። ጉሙ ተገፈፈ። ቀያዮቹ ዘንጎች፣ የነቀርሳው ተዋህስያን፣ አንድ በአንድ ተለይተው ታዩ፤ ስድስት ቆጥሮ ተወው። ስላይዱን ቢሰብረው ማንም አያውቅበትም። ሊሰብረው አነሳው፤ ሳሉ ግን አሁንም ከጀርባው ነበር።

በማግስቱ ወደ ካሰች እናት ወደ ውዴ ቤት ሄደ። ደጃፍ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ፤ እሳቸውንም ያስላቸዋል።

«እማማ፣ ተሳስቼ ነበር» አላቸው። «ካሰችን የገደላት የሳንባ ነቀርሳ ነው። ትናንት በደንብ አየሁት። እርስዎም ይምጡና ልመርምርዎ፤ መድኃኒት አለው።»

ውዴ የያዙትን ጌሾ አስቀመጡ።

«ይህን ለማን ነገርህ?»

«ለማንም።»

«የዚያችን ሴት ቤት ክዳኑን መጀመሪያ የነቀልሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። በሽታው በእኔም ከተገኘ፣ እሷ ምንም አላደረገችም ማለት ነው።»

«አዎ እማማ። ምንም አላደረገችም።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስኪበቃቸው ሳሉ።

«እንግዲያስ አልመጣም» አሉ።