ደጅ ጥናት በእንግሊዝኛ

ፅጌረዳ እንግሊዝኛዋን የምትጠራጠር ልጅ አልነበረችም። እናቷ ወይዘሮ አሰፋች ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ሥራ ይገኛል ብትሏቸው አይሰሙም። ዘመኑ ስልሳ ሦስት ነው፤ አሰላ ውስጥ ደጅ ሳይጠና ማን ተቀጥሮ ያውቃል? "አቶ ኃይለየሱስን ጠዋት ጠዋት እየሄድሽ እጅ ንሺ እንጂ! ባዶ እጅሽንም አትሂጂ" ሲሉ ሰነበቱ።

"ሞቼ እገኛለሁ!" ብላ ድርቅ አለች።

አቶ ኃይለየሱስ የእርሻ ልማቱ መሥሪያ ቤት አለቃ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ለፈረንጁ ባለሙያ አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ቦታው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ይህ ካመለጣት ወደ አገሯ ኢተያ ተመልሳ የአጎቷ እህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ መቆሟ ነው።

በፈተናው ቀን አቶ ኃይለየሱስና ፈረንጁ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቋት። የተጠየቀችውን ሁሉ ስታንበለብለው ፈረንጁ ፈገግ አለና፣ "'ከሪ ፌቨር' ማለትስ? ምሳሌም ስጪኝ" አላት በእንግሊዝኛ።

አይ ጥያቄ! "ሞገስ ለማግኘት ሹም ፊት ማሽቃበጥ ነው" አለችው በዚያው በእንግሊዝኛ። "ምሳሌው በመስኮት ይታያል።"

ግቢው ማር በያዘ፣ ዶሮ ባቀፈ፣ አለቃው ብቅ ሲሉ እጅ ሊነሳ በተሰለፈ ሰው ተሞልቷል። ፈረንጁ በሳቅ ፈረሰ።

እንግሊዝኛ የማይሆንላቸው አቶ ኃይለየሱስ፣ "ምኑ ነው የሚያስቀው? ተርጉሚልኝ" አሏት።

ማለባበስ ይቻል ነበር። ግን የመጣችው አስተርጓሚ ልትሆን ነው፤ አንድም ቃል ሳታጎድል ተረጎመችላቸው። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ፈረንጁ ግን ተነስቶ ጨበጣትና "ሰኞ ጀምሪ" አላት።

እየበረረች ስትወጣ እናቷ በር ላይ ባዶ ገመድ ይዘው ቆመዋል።

"አለፍሽ አይደል? ሙክታችንን ማለዳ ለአቶ ኃይለየሱስ በጓሮ አስገብቼላቸው ነበር። ይኸው፣ ሠራ!"

"እማዬ! ያሳለፈኝ እኮ እንግሊዝኛዬ ነው!"

"እሺ፣ ይሁንልሽ" አሉ እየሳቁ።

ፅጌረዳ ነደደች። ነገ ይህንኑ ለኢተያ ሰው ሁሉ ሊያወሩት ነው! ገመዱን ነጥቃ ተመልሳ ገባች።

"ጌታዬ፣ የእናቴን ሙክት ይመልሱልኝ" አለቻቸው አቶ ኃይለየሱስን።

"ምን አልሻቸው?" አለ ፈረንጁ በእንግሊዝኛ፣ ቀና ብሎ።

አቶ ኃይለየሱስ ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ። "የኔ እመቤት፣ የኔ አስተዋይ! እንዳንቺ ያለ ልባም ልጅ የት ይገኛል? ቁጭ በይ እስቲ፣ እዚህ እኔ ቦታ ላይ። ሙክቱ አሁኑኑ ይመጣል። ይህቺን ብቻ አትተርጉሚለት፣ በሞቴ!"

ፅጌረዳ አልተቀመጠችም። ወደ ፈረንጁ ዞር ብላ፣ "መጀመሪያ ሙክቱ ይምጣ፤ ከዚያ እተረጉምልሃለሁ" አለችው በእንግሊዝኛ።