ኮርቻ ያደረበት ቤት

ኑ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ። ደጅ ቆማችሁ ጉም አትጠጡ። ያቺን ዱካ ለኔ ተዉልኝና ደስ ባላችሁ ላይ ቁጭ በሉ። የጎባውን ቤት እንዴት እንደሸጥኩት ስትጠይቁኝ "ሸጥኩት፣ በቃ" እያልኩ ስሸሻችሁ ከርሜአለሁ። ዛሬ ጉሙ እስኪገፈፍ ጊዜ አለን፤ ልንገራችሁ።

ቤታችን የጎባ ከተማ አልቆ ወደ ሰነቴ ተራራ የሚወጣው መንገድ ከሚጀምርበት ነበር። ባለቤቴ ጉተማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጥዱን ጠርቦ አቆመው፤ ጭቃውን እኔና እህቶቹ እየዘፈንን ረገጥነው። አርባ ሁለት ዓመት ኖርኩበት። ጠዋት ጉሙ ከተራራ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው። አጥሩን ይውጣል፣ ቀጥሎ የኮሶውን ዛፍ፣ ቀጥሎ የውኃውን በርሜል። በመስኮት ሆኜ ሳየው ቤቱ ከመሬት ለቆ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ግን አልፈራም፤ አብሬው ነዋ ያለሁት።

የገበያ ቀን ደግሞ ከዚያ ጉም ውስጥ ፈረሶች ይወጣሉ። መጀመሪያ ኮቴ ትሰማላችሁ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ሁለት ጆሮ ብቻ ታያላችሁ፤ ፈረሱ ሙሉ ፈረስ የሚሆነው በራችን ላይ ሲደርስ ነው። የተራራው ሰዎች ፈረሶቻቸውን ግቢያችን አስረው ገበያ ይውላሉ። ጉተማ ሰባት ግንድ ተክሎላቸው ነበር። ኮርቻውን ዝናብ እንዳይመታው አውልቀው ከበሩ ጀርባ ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ ያኖሩታል። እዚህ ላይ የጉተማ ሕግ አንድ ነበረች፦ እንግዳ ያኖረውን ኮርቻ የቤት ሰው አያነሳውም። ባለቤቱ በገዛ እጁ ያነሳዋል እንጂ። "አንስተሽ ከሰጠሽው፣ በል ሂድልኝ ማለትሽ ነው" ይለኝ ነበር።

ከነዚያ ሰዎች አንዱ ጅሩ ይባላል። ቁመቱ በራችን ላይ የሚያስጎነብሰው፣ ሳቁ ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው። አንድ የገበያ ቀን ባዝራው ሳይታሰብ እኛው ግቢ፣ ኮሶው ሥር ወለደች። ውርንጭላዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፤ እግሮቿን ደግሞ ከሰው የተዋሰቻቸው ይመስል አንዱን ስታነሳ ሌላውን ትረሳዋለች። ጅሩ ገበያውን ትቶ ሁለት ቀን እኛ ዘንድ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ባዝራውን እየሳበ በእግሩ ወጣ፤ ለአራስ ፈረስ ኮርቻ አይጫንማ። "ኮርቻውን ለሚመጣው ገበያ እወስደዋለሁ" አለን። ጉሙ ሦስቱንም ተቀበላቸው።

አልመጣም። በኋላ ስንሰማ ተራራውን ተሻግሮ፣ ሃረና ጫካ አፋፍ፣ የሚስቱ ዘመዶች ዘንድ ሰፍሯል። ገበያውም በዚያው በኩል ሆነ። "ሰው ልላክበት?" አልኩት ጉተማን።

"ምን ብለሽ? ኮርቻህ ከበደን ብለሽ?"

አልላክሁም። እንዲህ ሆኖ አሥራ አራት ዓመት አለፈ። ጉተማም ከአራት ዓመት በፊት አረፈ። ከባድ መኪና ወደ ተራራው ሲወጣ ቤቱ ይንቀጠቀጥና የኮርቻው እርካብ ኪል ይላል። በእንቅልፍና በመንቃት መካከል ሆኜ ስሰማው፣ አንድ ሰው ከፈረስ እየወረደ ይመስለኝና "ግባ" እላለሁ። አንዳንዴ ጅሩን ነው። አንዳንዴ ጉተማን።

ባለፈው ክረምት ደረጃው ላይ ወደቅሁ። እርጥብ ነበር። ለመነሳት ብዙ ቆየሁ፤ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ፈረስም አልነበረም፤ አሁን ሰዉ ሁሉ በሞተር ነው የሚወርደው። ልጄ ሊሊ፣ ታውቋታላችሁ፣ እዚህ ሮቤ ነርስ ናት፣ እያለቀሰች መጣች። "ካሁን በኋላ እዚህ ብቻሽን አታድሪም" አለች። እውነቷን ነው። ቤቱ ይሸጥ ተባለ፤ እኔም እሺ አልኩ፤ በአፌ።

ገዢው በእውቀቱ የሚባል፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የጎጃም ልጅ ነው። ጨዋ ሰው ነው። ሜትሩን ይዞ ግድግዳውን ሲለካ ኮርቻው ከለከለውና ሊያነሳው እጁን ዘረጋ።

"ተወው!" አልኩ። እንዲያ መጮህ የምችል አልመሰለኝም ነበር።

ሜትሩ ተጠቅልሎ እጁ ውስጥ ገባ። "ይቅርታ እማማ፣ የሚናከስ አልመሰለኝም።"

"እማዬ!" አለች ሊሊ። "ገዢ እንዲህ ይባረራል?"

"የሰው ነው። ባለቤቱ ሳያነሳው ይህ ቤት አይሸጥም።"

"ባለቤቱ በሕይወት መኖሩንስ ታውቂያለሽ? ቁርጡን ንገሪኝ፤ የምትኖሪው ከኔ ጋር ነው ከኮርቻ ጋር?"

በእውቀቱ ግን ቀስ ብሎ ጠቅላላ ነገሩን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። "እጠብቃለሁ እማማ" አለ፤ "ግን ባለቤቴ ሰርክአዲስ ልትወልድ ሦስት ወር ነው የቀራት። ከዚያ በፊት ካልሆነ ሌላ እፈልጋለሁ።"

ስለዚህ ጉተማ የከለከለኝን አደረግሁ። ወደ ተራራ ለሚወጡት "ለጅሩ ንገሩት፤ ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ ሸዋርጋ ሰላም ብላሃለች በሉት" አልኳቸው። ኮርቻ የምትለዋን ቃል አላወጣኋትም። ቢሆንም አፈርኩ፤ የጉተማን ፎቶ ቀና ብዬ ሳላየው ሰነበትኩ።

አንድ ገበያ አለፈ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ጠዋት ጉሙ በመስኮቱ ተለጥፎ፣ ነጭ ብቻ ሆኖ ሳለ ኮቴ ሰማሁ። ቀጥሎ ትንፋሽ። ቀጥሎ ሁለት ጆሮ። የግቢው በር ክፍት ነበርና ኮርቻ የሌላት ባዝራ ሰው ሳይመራት ገባች፤ ግንዶቹን ሁሉ አልፋ ኮሶው ሥር ሄዳ ቆመች። ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ሕልም ነው ብዬ ወለሉን በእግሬ ዳበስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው።

ከኋላዋ አንዲት ወጣት ልጓሙን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከጉሙ ወጣችና፣ እናት እንደሚጠሩ አድርጋ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ። "አካም ጅርቱ፣ አዴ? ቢፍቱ እባላለሁ፣ የጅሩ ልጅ ነኝ። በሩ ጋ ስደርስ አፈተለከችኝ።"

"አባትሽ?" አልኩ።

"አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቱ ነው እንቢ ያለው፤ ምላሱማ ደህና ነው።" ሳቀች፤ ሳቋ የአባቷ ነው።

አስገባኋት። ኮርቻውን ስታየው ግን ቆመች፣ አልነካችውም።

"አዴ፣ አንድ ነገር አባቴ ንገሪያቸው ብሎኛል። ኮርቻውን ረስቶት አይደለም። 'መጥቼ ከወሰድኩት ከጉተማ ቤት ጨረስኩ ማለት ይሆንብኛል' ይል ነበር። ኮርቻዬ እዚያ እስካለ ጎባ ቤት አለኝ እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። እናቴ ትስቅበታለች፤ 'ሰው በኮርቻ ቤት ይሠራል?' እያለች።"

በዚህችው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ጉተማ ውሰድ እንዳንለው ሲጠነቀቅ፣ ጅሩ ደግሞ ጨረስኩ እንዳይመስልበት ሲጠነቀቅ፣ ሁለት ሰዎች ሲከባበሩ ሳይተያዩ ቀሩ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፤ ቢፍቱ ግራ ገብቷት ነጠላዬን ታስተካክልልኝ ጀመር።

"ታዲያ አሁን ምን አለሽ?" አልኳት።

"'ቤቱ ሳይሸጥ የሚጠብቀው እኔን ከሆነ ኮርቻውን አንሺው' አለኝ። እንዳያስቸግራቸው።"

ወደ መስኮቱ አየሁ። ጉሙ ሳስቶ ባዝራዋ የተወለደችበትን መሬት እያሸተተች ነበር። አርባ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቤት፣ ለካስ እሱም ቆሞ እየጠበቀ ነበር። ደክሞታል።

"አንሺው ልጄ" አልኳት።

አነሳችው። ከሥሩ እንጨቱ አቧራ ሳይነካው፣ ጉተማ የጠረበው ቀን እንደነበረ ቀልቶ ወጣ። እርካቡ ኪል አለ፤ "ግባ" ለማለት አፌን ስከፍት የሚወጣ እንጂ የሚገባ እንደሌለ ገባኝ። ቢፍቱ ደጅ ወጥታ ባዝራዋን በተወለደችበት ቦታ ጫነቻት። ስልኬን አንስቼ "ሊሊ፣ ለበእውቀቱ ደውይለት" አልኩ። ሊሊም ምክንያቱን አልጠየቀችኝም።

ግንዶቹ ተነቅለዋል አሉ። ይነቀሉ፤ ቤቱ የበእውቀቱ ነው፤ ሰርክአዲስም ሴት ልጅ ወልዳለች። ኮሶው ግን እስካሁን አለ። ጉሙም ያው ነው።

ይኸው ተገፈፈ፣ ተነሱ። አንድ ቀን በዚያ መንገድ ወደ ሰነቴ ስትወጡ፣ ከአጥሩ በላይ ኮሶ ካያችሁ ትንሽ ቀስ በሉ። እዚህ ውርንጭላ ተወልዳለች፣ እዚህ የሰው ኮርቻ አሥራ አራት ዓመት አድሯል በሉልኝ። እኔ ስረሳው እናንተ አስታውሱልኝ።