ኢቲሳምን ማን ይመልሳታል?

አሰልጣኝ ወንዱ «ለእህትሽ ለኢቲሳም ፓስፖርት እናውጣላት» ብሎ ሲመጣ መስኡዳ ዓሣ እየጠበሰች ነበር። ፓስፖርት የሚለውን ቃል ስትሰማ በእጇ የያዘችውን ቆሮሶ ዓሣ እንደ መወርወር አድርጋ ዘይቱ ውስጥ ለቀቀችው። ዘይቱ ተፈናጥሮ ክንዷን ለበለባት።

«ፓስፖርት ለምኗ ነው?»

«ለዓለም ሻምፒዮና ነዋ! ከሃያ ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሚሮጡበት። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ማጣሪያ አለ። ካለፈች ነሐሴ ላይ አውሮፓ ትሄዳለች። ፓስፖርቱን ግን ከአሁኑ መጀመር አለብን።»

«ማን ነው የሚወስዳት?»

«ብሔራዊ ቡድኑ ነው።»

«አንተስ?»

 ወንዱ ከመጥበሻው የሚወጣውን ጭስ በእጁ ገፋ ገፋ አደረገ። «እሷ ካለፈች እኔንም በረዳትነት ሊወስዱኝ ይችላሉ» አለ።

ይህችን ትንሽ ማመንታት መስኡዳ ያዘችበት።

እሷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እንደ ወንዱ ያለ አፈ ጮማ ሰው እናቷ ቤት መጥቶ ነበር። እናቷን «እናቴ» እያለ፣ የቀረበለትን ሁሉ እያመሰገነ፣ ሪያድ ውስጥ ልብስ መሸጫ ትሠራለች ብሎ ወሰዳት። ዕድሜዋን ፓስፖርቱ ላይ ሃያ አምስት አስጻፈ። ሱቅ የተባለው የሰው ቤት ሆነ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ከተማውን ያየችው ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ብቻ ነው። እናቷ የሞተችው እሷ እዚያው እያለች ነበር። ወደ ሐይቅ ከተማ ስትመለስ ኢቲሳም በር ከፍታ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አለቻት። ታናሽ እህቷ አላወቀቻትም።

ከዚያ ወዲህ ኢቲሳምን ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቷ ሩጫ የጀመረችው ከወንዱ ጋር ነው። ወንዱ የአምባሰል ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ራሱ ሯጭ ነበር፤ ጉልበቱ ተጎድቶ ሲቀር ሐይቁ ዳር የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ማሰልጠን ጀመረ። የባሕር ዛፍ ግንድ በድንጋይ ላይ አጋድሞ መሰናክል ሠራላቸው፤ ለውሃ ዝላዩ ደግሞ ሐይቁ ገባ ያለበትን ቦታ መረጠ። ኢቲሳም ግንዱን ረግጣ፣ ውሃውን ተሻግራ፣ ፍጥነቷን ሳትቀንስ ስትሄድ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ያዩዋት ነበር። ሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል የእሷ ሆነ።

«አንድ ነገር» አለ ወንዱ ሊሄድ ሲል። «ትክክለኛ ዕድሜዋን ንገሪኝ።»

«ምነው፣ ልትቀንሰው ነው?»

«ኧረ አይደለም! ይመረምራሉ። ከዋሸን፣ በኋላ የምትዋረደው እሷ ናት።»

«አሥራ ስምንት ነው። የተወለደች ለታ ያቀፍኳት እኔ ነኝ።»

«በቃ፣ እሱን ነው የምንለው።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ልቡ ያርፍ ነበር። መስኡዳ ግን «ያኛው ደላላ እንዲህ ብልጥ አልነበረም» ብላ አሰበች።

ከማግስቱ ጀምሮ ሐይቁ ዳር መዋል አመጣች። ባልዲዋን ይዛ፣ ዓሣ የምትጠብቅ መስላ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ትላለች። የምታየው ግን ወንዱን ነበር። ኢቲሳምን ሲያርማት እጁ የት እንደሚያርፍ፣ ስልኩ ሲጠራ ወደየት እንደሚሄድ፣ ከሌሎቹ ልጆች ለይቶ ምን እንደሚነግራት ትከታተላለች። ጎረቤቷ ዙለይሃ ደግሞ ነገሩን አባሰችው። «አንድ ልጅ ለሩጫ ብሎ ሄዶ እዚያው ቀረ አሉ። የሸጠው አሰልጣኙ ነው ይላሉ» አለቻት። የት አገር፣ የማን ልጅ ብትላት ዙለይሃ አታውቅም። ቢሆንም ወሬው ከመስኡዳ ሆድ አልወጣም።

አንድ ጠዋት ወንዱ ስልኩን ይዞ ከቄጤማው ጀርባ ሄደ። መስኡዳ ጫማዋን አውልቃ ተከተለችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል።

«ልጅቷ ካለፈች እኔም ወጣሁ ማለት ነው» ሲል ሰማችው።

«ከምን ነው የምትወጣው?» አለች ከኋላው።

ወንዱ ደንግጦ ስልኩን ሊጥለው ነበር። «መስኡዳ! አንቺ ደግሞ... ከድካም ወጣሁ ማለቴ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ውጤት ሳላይ!»

«እህቴን መሸጋገሪያ አድርገህ ልትነግድባት ነው።»

«እኔ?» ፊቱ ተለወጠ። «እኔ እኮ አስተማሪዋ ነኝ።»

መስኡዳ ጥላው ወደ ሜዳው ተመለሰች። ኢቲሳምን ክንዷን ይዛ ከሜዳው አስወጣቻት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ልምምድ ከለከለቻት። ልጅቷ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ አኮረፈች፣ በመጨረሻ ፊት ለፊት ተናገረች።

«አንቺን የሸጠሽ ሰውዬ እሱ አይደለም፣ መስዬ! ለምን እኔን ታስከፍይኛለሽ?»

በነጠላ ጫማ ከቤት ወጥታ በአስፋልቱ ዳር ወደ አርዲቦ መገንጠያ ሮጠች። ስትመለስ ተረከዟ ደምቷል። መስኡዳ ውሃ አሙቃ እግሯን አጠበችላት። በማግስቱ መስኡዳ ወንዱ ዘንድ ሄደች።

«ማልልኝ» አለችው።

«በምን ልማልልሽ?»

«በእኔ ሃይማኖት አትምልም። በግሸን ማርያም ማልልኝ።»

ወንዱ ኮፍያውን አወለቀ። የአምባሰል ሰው በግሸን እንደዋዛ እንደማይምል ሁለቱም ያውቁታል። ወደ ተራራው ዞሮ «ግሸን ማርያምን! ኢቲሳምን በሰላም እመልሳታለሁ። ካልመለስኳት አገሬን አያሳየኝ» አለ።

ሰኔ ላይ ኢቲሳም በማጣሪያው ሁለተኛ ወጣች። ወንዱም በረዳትነት ተመረጠ። ሐይቅ ከተማ በሆታ ሸኘቻቸው፤ መስኡዳ ግን ከሆታው መሀል እህቷን ወደ ጓዳ ሳበቻት።

«ፓስፖርትሽን ከጡት መያዣሽ ውስጥ አታውጪ። ‹እኔ ላስቀምጥልሽ› የሚልሽ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አትስጪው። ወንዱም ቢሆን። ‹ነይ ከተማ ላሳይሽ› ካለሽ እምቢ በይ።»

«እሺ መስዬ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

የፍጻሜው ቀን ሰው ሁሉ አንዱ ምግብ ቤት ተሰብስቦ በቴሌቪዥን አየ። ኢቲሳም አረንጓዴ ማልያ ለብሳ ብቅ ስትል ቤቱ በጩኸት ተናጋ። መስኡዳ ሩጫውን በሙሉ ልቧ አላየችውም፤ ካሜራው ወደ ተመልካቹ በዞረ ቁጥር ወንዱን ትፈልጋለች። የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ ከኢቲሳም ፊት የነበረችው ልጅ ውሃው ውስጥ ወደቀች። ኢቲሳም እንዳትረግጣት ብላ ወደ ጎን ዘለለች፤ እሷም ተንገዳገደች፣ እጇ ውሃውን ነካ፣ ተነሳች። አራት ልጆች ቀድመዋት ገቡ። አምስተኛ።

«አምስተኛ ከዓለም እኮ ነው!» እያለ ሰው ተቃቀፈ። መስኡዳ አጠገቧ የቆመውን ሰው «የሚመለሱት መቼ ነው?» አለችው።

ልትቀበላቸው አዲስ አበባ ድረስ ሄደች። አየር ማረፊያው በር ላይ ቆማ ቡድኑ ሲወጣ አንድ በአንድ አየች። ኢቲሳም ቱታዋን ለብሳ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። መስኡዳ አቅፋት ከትከሻዋ በላይ ወደ በሩ ማየቷን አልተወችም። የቡድኑ ሰዎች ወጥተው አለቁ።

«ወንዱስ?»

ኢቲሳም ማልቀስ ጀመረች።

«ትናንት ጠዋት ሻንጣዬን እሱ ራሱ አውቶቡሱ ላይ ጫነልኝ። ከቡድን መሪዋ አጠገብ አስቀመጠኝ። ‹ውሃ ገዝቼ ልምጣ› ብሎ ወረደ። ቦርሳውን ግን ይዞ ነበር፤ ያኔ ገባኝ።»

መስኡዳ የኢቲሳምን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። «ታውቂ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ! አብረሽኝ ቅሪ ብሎሻል?»

«አላለኝም! እኔ ነኝ ከበሩ ጠርቼ ‹እኔስ?› ያልኩት። ተቆጣኝ። ተቆጥቶኝ አያውቅም፣ መስዬ። ‹አንቺ ትመለሻለሽ! ለእህትሽ የማልኩት ስለ አንቺ ነው እንጂ ስለ ራሴ አይደለም በያት› አለኝ።»

መስኡዳ እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ አለች። ስንት ጠዋት ቁጭ ብላ ጠብቃው ነበር! ሊሰርቅ የመጣ ሌባ አድርጋ ስታየው፣ እሱ ግን የሚሄድ ሰው ነበር። «ወጣሁ ማለት ነው» ያለውን በጆሮዋ ሰምታ አልሰማችውም።

ሐይቅ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸዋል። የጠበቀችው ግን አልነበረም። «መንገዱን ያሳየችው መስኡዳ ናት» ይላል ሰው። ዐረብ አገር የነበረች፣ ደላላ የምታውቅ፣ ሐይቁ ዳር ስትከታተለው የከረመች እሷ አይደለችም? ቄጤማው ጀርባ ሲነጋገሩ ታይተዋል ተባለ። ዙለይሃ እንኳ ሰላምታዋን አሳጠረች። መስኡዳ ለማን ምን ብላ ታስረዳለች? እሷም ወንዱን የጠረጠረችው ከዚህ ባልበለጠ ማስረጃ ነበር።

ከሁሉ ያስጨነቃት የወንዱ እናት ነገር ነው። እትዬ ባንቺአየሁ ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ማንም ሄዶ የነገራቸው የለም። መስኡዳ በመኪና ውጫሌ ወርዳ፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ደረሰች። እትዬ ባንቺአየሁ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ ይለቅሙ ነበር። ታሪኩን በጸጥታ ሰሙ።

«ዐረብ አገር የነበርሽው አንቺ ነሽ?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ልጄ ስለ ስደት አንስቶ አያውቅም ነበር። ዓሣ ሻጯ የኢቲሳም እህት እያለ ስላንቺ ያወራ ነበር እንጂ። ምን ብለሽ ነው ልቡን ያሸፈትሽው?»

«ምንም አላልኩትም።»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።» ወደ ባቄላው ተመለሱ። ውሃ ጠጪም አላሏት።

ቢሆንም መሄዷን አላቋረጠችም። ለምን እንደምትሄድ ኢቲሳም ስትጠይቃት «እናቴ ዘንድ ሰው ሄዶላት ቢሆን ብዬ» አለቻት። እትዬ ባንቺአየሁ አያባርሯትም፤ አያጫውቷትምም።

መስከረም ላይ የግሸን ተጓዥ መኪናውን ሁሉ ስለያዘው መስኡዳ ውጫሌ የደረሰችው በአይሱዙ ላይ ከምእመናን ጋር ተጨናንቃ ነው። ግቢው ስትገባ እትዬ ባንቺአየሁ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አገኘቻቸው።

«በላህ? ... ይበርዳል እንዴ? ... ሥራውስ?» ይላሉ። ከዚያ ስልኩን በመዳፋቸው ከደኑና ወደ መስኡዳ ዘረጉት። «ደህና ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ ይላል። የሰው አገር ያለ ሰው እንዴት እንደሚያወራ አንቺ ታውቂያለሽ። አናግሪውና እውነቱን ንገሪኝ።»

መስኡዳ ስልኩን ተቀበለች። ከመናገሯ በፊት አዳመጠች። ከወንዱ ትንፋሽ ኋላ የብዙ ወንዶች ድምፅ ይሰማል፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ስም ይጠራል።

«ካምፕ ነህ» አለችው።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

«ምግብ አለ?»

«ይሰጡናል። መስኡዳ... እኔ ተመልሼ ምን እሆን ነበር? በዚያ ጉልበት?» መልስ ሳይጠብቅ ንግግሩን አፈጠነ። «ኢቲሳም ትለማመዳለች? ውሃው ላይ ስትደርስ እርምጃዋን ታሳጥራለች። አታሳጥሪ በያት። ለዚያ ነው የተንገዳገደችው...»

መስመሩ ተቋረጠ።

እትዬ ባንቺአየሁ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ። መስኡዳ ሪያድ ሆና ለእናቷ በየወሩ ስትደውል የምትለው ትዝ አላት፤ ደህና ነኝ፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ሰዎቹ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። እናቷ ያንን ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ኖራ ሞተች። አሁንም «ደህና ነው» ማለት ቀላል ነበር።

«ሥራ የለውም፣ እትዬ» አለች። «ስደተኞች የሚቀመጡበት ጣቢያ ነው ያለው። ምግብ ይሰጡታል። ወረቀት ይስጡት ይመልሱት አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ተጸጽቶ ይሁን አይሁን ግን አልገባኝም።»

እትዬ ባንቺአየሁ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። 

«አሁን አመንኩሽ» አሉ። ከዚያ በርጩማ ስበው አጠገባቸው አስቀመጡ። «ጣቢያ ያልሽው ምን ዓይነት ቦታ ነው? በር አለው? ይቆለፍባቸዋል? ምንም ሳትደብቂ ንገሪኝ።»

መስኡዳ ተቀመጠችና የምታውቀውን ያህል ትነግራቸው ጀመር።