መለያው የማን ነው

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የላብራቶሪ ውጤት ከሆስፒታሉ ሐኪሞች ኮምፒውተር ላይ ድራሹ ጠፋ። ሦስት ሰዓት ላይ የኮምፒውተር ክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ ጋሼ ከሥራ ታገዱ። ትናንት ውጤቱ የሚቀመጥበትን ሰርቨር የደህንነት ደንብ ያደሱት እሳቸው ናቸው ተባለ፣ አለቀ! ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ዕቃውን በአንድ ፌስታል ይዞ ወጣ።

ጥገናው እሳቸው እጅ ላይ ሙያ በተማረችው ቴክኒሻን ላይ ወደቀ። ልጅቷ እልኸኛ ናት። "ጋሼ እንዲህ ዓይነት ስህተት አይሠሩም፤ አለቃው ዓይኑ እያየ አረጋግጥለታለሁ" ብላ ተቀመጠች።

ሰርቨሩ የከለከለውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈተች። "አልተፈቀደም፣ አልተፈቀደም" ይላል፣ መቶ ጊዜ። የፎልደሩ ፈቃድ ግን ደህና ነው፤ ባለቤቱም ትክክል። ታዲያ ምን ነካው? ሰርቨሩ ላይ ከተራው ፈቃድ በላይ አንድ ግትር ዘበኛ አለ፤ ፋይሉ ላይ የተለጠፈውን መለያ ሳያይ ማንንም አያሳልፍም። መለያውን አየችው። የላብራቶሪ አይደለም፤ የአንድ ሠራተኛ የግል ፎልደር መለያ ነው።

ፋይል ሲገለበጥ የአዲሱን ቦታ መለያ ይይዛል፤ ሲዛወር ግን የድሮውን ይዞ ይሄዳል። "ገልብጪ እንጂ አታዛውሪ" ብለው ጋሼ ስንቴ ነግረዋታል! ማን እንዳዛወረው ፈለገች። ዛሬ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የራሷ ስም። ጋሼ ሳይመጡ ሥራ ላቃልልላቸው ብላ ውጤቶቹን በራሷ ፎልደር አሰናድታ ወደ ላብራቶሪው ፎልደር አዛውራ ነበር።

ለማስተካከል አንዲት መስመር ትዕዛዝ በቃች፤ ውጤቶቹም ተንጋግተው መጡ።

አለቃው በሩ ላይ ቆሞ አጨበጨበ። "የሽማግሌው ጥፋት ነበር፣ አይደል?"

"አይ... መለያው ነው።"

"ያው ነው! ሪፖርቱን ጻፊ። ወንበራቸው ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው።"

የራሷን ስም ሳትጠራ የሪፖርቱን ቅጽ ከፈተች። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ፈርታለች፣ ሌላ ምክንያት የላትም።

ስልኳ ጠራ። ጋሼ ናቸው።

"ተገኘ፣ ልጄ?"

"ተገኘ፣ ጋሼ።"

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት?"

"ዋናው መስተካከሉ ነው፣ ጋሼ።"

"ገባኝ፤ እንዳላዝን ብለሽ ነው" አሉ። "አይ እርጅና! አለቃውን ይቅርታ ብለዋል በይልኝ። አንቺ ባትኖሪ በእኔ ስህተት ሰው ይሞት ነበር። ተባረኪ፣ ልጄ።"

"አሜን" አለች።